ተማሪም፣ ሠራተኛም፣ የውጭ ዜጋም፦ በባዕድ አገር ዶክትሬት የሚማር ሰው ኑሮ

አንዲት የሦስተኛ ዓመት የዶክትሬት ተማሪ አንድ ቀን አጭር ኢሜይል ደረሳት እንበል። አማካሪዋ በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ፣ ምናልባትም ወደ ሌላ አገር ሊዛወሩ ነው። እዚያው አገር ተወልዳ ያደገችው የቤተ ሙከራ ባልደረባዋም ይኸው መልእክት ደርሷታል። ለባልደረባዋ ዜናው መጥፎ ነው፤ ምርምሯ ይጓተታል፣ ምናልባትም ርእስ ትቀይራለች። የውጭ ዜጋዋ ግን ከዚያም አልፋ ብዙ ማሰብ አለባት። ወርኃዊ ክፍያዋ የሚመጣው አማካሪዋ ካገኙት የምርምር ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ አብሯቸው ይሄድ ይሆን? ከሄደ፣ የመኖሪያ ፈቃዷን ለማሳደስ የምትጠየቀውን የገቢ ማስረጃ ከየት ታመጣለች? ፈቃዱ ካልታደሰ የቤት ኪራይ ውሉ፣ የባለቤቷ ሥራ፣ የልጇ ትምህርት ቤት ምን ይሆናሉ?

ስለ ውጭ አገር ትምህርት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ዕድሉ እንዴት እንደሚገኝ ነው። ከተገኘ በኋላ ስላለው ኑሮ የሚነገረው ጥቂት ነው። ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር ደግሞ እዚያ ላይ ነው ያለው፦ የውጭ አገር የዶክትሬት ተማሪ በአንድ ጊዜ ተማሪም፣ ሠራተኛም፣ የውጭ ዜጋም ነው፤ ሦስቱም በአንድ ቋጠሮ ታስረዋል። አንዱ ገመድ ሲሳብ ሌሎቹ ይጠብቃሉ። ይህን ቋጠሮ ቀድሞ ያላየ ሰው የሚደርስበትን ችግር ሁሉ የራሱ ስንፍና ወይም ድክመት አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህ ትክክል አይደለም፤ ብዙ ጎበዝ ሰዎችንም ሳያስፈልግ ጎድቷል።

በመጀመሪያ ዶክትሬት ራሱ ምን እንደሆነ እንመልከት። ከመጀመሪያና ከሁለተኛ ዲግሪ የሚለየው በርዝመቱ ብቻ አይደለም። እስከዚያ ድረስ ተማሪው የሚፈተነው መምህሩ መልሱን በሚያውቀው ጥያቄ ነው። በዶክትሬት ግን መልሱን ማንም አያውቀውም፤ ጥያቄው የሚመለስ መሆን አለመሆኑ እንኳ ገና አልተረጋገጠም። ሁልጊዜ ከክፍሉ አንደኛ ሲወጣ የኖረ ሰው ወራት የፈጀበት ሙከራ ባዶ ሆኖ ሲቀር ያየው ይሆናል፤ ምናልባትም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ይህ የሥራው ጠባይ ነው። አልተሳካም ማለት አልቻለም ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ይህን ለይቶ ለማየት ጊዜ ይወስዳል።

ዛሬ የምናውቀው በምርምር ላይ የተመሠረተ ዶክትሬት መልኩን የያዘው በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1810 የተመሠረተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ማስተማርንና ምርምርን በአንድነት የማስኬድ አርአያ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ፒኤችዲዎች የሰጠው ዬል ሲሆን ጊዜውም 1861 ነበር። እንግሊዝ ደግሞ ዘግይታ ነው የተቀበለችው፤ ኦክስፎርድ የጀመረው በ1917 ነው። ጀርመኖች እስከ ዛሬ ድረስ አማካሪን «ዶክቶርፋተር»፣ ሴት ስትሆን «ዶክቶርሙተር» ይሏቸዋል፤ የዶክትሬት አባት፣ የዶክትሬት እናት ማለት ነው። በዚህ አጠራር ውስጥ የሥርዓቱ ጥንካሬም አደጋውም አለ። ዕውቀቱ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቅርብ ይተላለፋል፤ በዚያው ልክ የተማሪው ዕጣ በአንድ ሰው ጠባይ ላይ ይንጠለጠላል።

ከዚህ ሥር የበቀሉት ቅርንጫፎች ግን ተለያይተዋል። በአሜሪካ ብዙ ተማሪዎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ይገባሉ፤ የመጀመሪያውን አንድ ወይም ሁለት ዓመት በክፍል ትምህርት ያሳልፋሉ፤ ከዚያ የብቃት ፈተና ያልፋሉ፤ ምርምሩ በሙሉ ኃይል የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አጠቃላይ ጊዜው አምስት፣ ስድስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዓመት ይሆናል። በአብዛኛው አውሮፓ ሁለተኛ ዲግሪ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ዶክትሬቱ ሦስት ወይም አራት ዓመት ተብሎ ይያዛል። «አጭሩ ይሻላል» ብሎ መደምደም ግን አይገባም። በሦስት ዓመት መርሐ ግብር የገባ ተማሪ ርእሱን በመጀመሪያዎቹ ወራት ካላጠራ የሚያካክስበት ጊዜ የለውም። ረጅሙ መንገድ ለመሳሳት ቦታ ይሰጣል።

ከቆይታው ይልቅ ኑሮን የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ተማሪው በሕግ ፊት ተማሪ ነው ወይስ ሠራተኛ?

በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ የዶክትሬት ተማሪ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ነው። ደመወዝ ያገኛል፣ ግብር ይከፍላል፣ የዓመት ፈቃድና የሕመም ፈቃድ አለው፣ ለጡረታ ይቆጠርለታል፣ የትምህርት ክፍያ የለበትም። በስዊድን ትምህርቱ የአራት ዓመት የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው፤ ተማሪው በማስተማር የሚያጠፋው ጊዜ ሲጨመር እስከ አምስት ዓመት ይዘልቃል፤ በወሊድ ወይም በሕመም የጠፋው ጊዜም ይካካሳል። በኔዘርላንድም ብዙዎቹ በቅጥር ውል ይሠራሉ። በጀርመን ቅጥር ቢኖርም ብዙ ጊዜ ክፍያው የሙሉ ደመወዙ ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ነው፤ ሥራው ግን ግማሽ አይሆንም። በብሪታንያና በአሜሪካ ደግሞ በዋናነት ተማሪ ነው። የሚሰጠው የኑሮ ድጎማ እንጂ ደመወዝ አይባልም፤ የትምህርት ክፍያውን አንድ አካል ሊሸፍንለት ይገባል። በብሪታንያ ለውጭ ዜጋ የሚጠየቀው ክፍያ ለአገሬው ከሚጠየቀው በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ አገኘሁ» የሚለው ደስታ ክፍያው የሚሸፈነው በአገሬው ተመን ነው ወይስ በውጭ ዜጋው ተብሎ እስኪጣራ ድረስ ሙሉ አይደለም።

በጣም የሚያሳዝነኝ ልዩነት ያለው ግን በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ሁለት ተማሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራሉ። አንዷ በቅጥር ውል የገባች ናት። ሌላው ከራሱ መንግሥት ወይም ከሌላ ድርጅት የተሰጠውን ስኮላርሺፕ ይዞ የመጣ ነው። እሷ ስትታመም ደመወዟ አይቋረጥም፤ ስትጨርስም ሥራ አጥ ብትሆን መብት ይኖራታል። እሱ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ስኮላርሺፕ ይዞ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው የውጭ ዜጋው ነው። ስለዚህ የመቀበያ ደብዳቤ ሲመጣ ከገንዘቡ መጠን በፊት መነበብ ያለበት ገንዘቡ በምን ስም እንደተጠራ ነው። ደመወዝ ነው? ድጎማ ነው? ለስንት ወር? ትምህርቱ አራት ዓመት ሆኖ ገንዘቡ ለሦስት ዓመት ብቻ ከሆነ አራተኛውን ማን ይከፍላል? በአሜሪካ ብዙ ድጎማዎች የሚከፈሉት ለዘጠኝ ወር ነው፤ ክረምቱ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይፈለጋል። «አይዞህ፣ ያኔ እናገኛለን» የሚል የቃል ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ ነው። በጽሑፍ ይጠየቅ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ የሚጠየቁትም ሰዎች እንደ ነውር አይቆጥሩትም።

የመጀመሪያው ወር የገንዘብ ፈተና ለብቻው መነገር አለበት። ክፍያ የሚመጣው በወሩ መጨረሻ ነው፤ አንዳንዴም የባንክ ሒሳብ ካልተከፈተ ወደ ሁለተኛው ወር ይተላለፋል። የቤት ኪራይና ማስያዣው ግን በመጀመሪያው ቀን ይፈለጋሉ። የባንክ ሒሳብ ለመክፈት አድራሻ ያስፈልጋል፣ ቤት ለመከራየት የባንክ ሒሳብ ይጠየቃል። ይህ ዙሪያ ጥምጥም ብዙ አዲስ መጪዎችን ያስለቅሳል። በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ተማሪ የቅድሚያ ክፍያ ወይም አጭር ብድር የሚሰጡበት መንገድ አላቸው፤ ካልተጠየቁ ግን አይናገሩም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ገመድ እንምጣ። ቪዛ የመግቢያ ወረቀት ብቻ የሚመስለው ላልኖረበት ሰው ነው። ማን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ የትዳር ጓደኛ ሥራ መያዝ መቻሏን፣ ማን ወላጆቹን ሄዶ ማየት እንደሚችል የሚወስነው እሱ ነው።

የአሜሪካን እንውሰድ። ኤፍ-1 የተባለውን የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዲቀጠር አይፈቀድለትም። ባልና ሚስት አብረው ከሄዱ በኤፍ-2 የተከተለው ወገን ሥራ መሥራት ጨርሶ አይችልም። ሐኪም የነበረች፣ መሐንዲስ የነበረ ሰው አምስትና ስድስት ዓመት ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ትዳርን የሚፈትነው ርቀት ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለው አብሮ መኖርም ይፈትናል። በጀርመን የተማሪው የትዳር ጓደኛ የቤተሰብ መኖሪያ ፈቃድ ካገኘ መሥራት ይችላል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ አብዛኞቹ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ቤተሰብ ይዘው እንዳይመጡ ስትከለክል የዶክትሬት ተማሪዎችን ግን ከክልከላው ውጭ አድርጋለች። ቤተሰብ ያለው ሰው አገር ሲመርጥ ከዩኒቨርሲቲው ዝና እኩል ይህን ሊመዝን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ብዙዎች ዘግይተው የሚያውቁት ነገር፣ በአሜሪካ ቪዛና በአገሩ የመቆየት መብት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ፓስፖርት ላይ የተለጠፈው ቪዛ ለመግባት ብቻ ያገለግላል። ቪዛው ጊዜው ቢያልፍም ተማሪው ትምህርቱ ላይ እስካለና ሰነዶቹ እስከተሟሉ ድረስ በሕግ ይኖራል። ከአገሪቱ ከወጣ ግን ለመመለስ በውጭ ካለ ቆንስላ አዲስ ቪዛ ማግኘት አለበት። ቀጠሮ ቢዘገይስ? ቢከለከልስ? ይህን ፍርሃት ይዘው ለዓመታት ሳይወጡ የሚቆዩ ተማሪዎች አሉ። እናት ታመው ልሂድ አልሂድ እያሉ ሌሊቱን ሲያሰሉ የሚያድሩ፣ ቀብር በስልክ የሚከታተሉ ሰዎች ናቸው። በማግስቱ ቤተ ሙከራ ሲገቡ ማንም ምንም አያውቅም። ይህን የሚያነብ አማካሪ ካለ አንድ ነገር ልለምነው፦ ተማሪህ በድንገት ዝም ካለ፣ ስለ ሥራው ከመጠየቅህ በፊት ስለ ቤተሰቡ ጠይቀው።

ጄ-1 የሚባለው የአሜሪካ ቪዛ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። እንደ ፉልብራይት ባለ በመንግሥት ገንዘብ በሚደገፍ የትምህርት ዕድል የሄደ ሰው ከጨረሰ በኋላ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ የመመለስ ግዴታ አለበት። ግዴታውን ሳይፈጽም ወይም ይቅርታ ሳያገኝ ወደ ቋሚ ነዋሪነት ወይም ወደ አንዳንድ የሥራ ቪዛዎች መሻገር አይችልም። ግዴታው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ የትምህርት ዕድሉ ዓላማም ያ ነው። መጥፎው ነገር ሰው ሳያውቀው መፈረሙ ነው።

ቪዛ የሳይንስ ሥራውንም ይነካል። ዶክትሬት ያለ ጉባኤ አይሆንም፤ ሥራን ማቅረብ፣ ወደፊት የሚቀጥሩ ሰዎችን መተዋወቅ እዚያ ነው የሚሆነው። በሸንገን አገሮች (እርስ በርሳቸው ያለ ድንበር ፍተሻ በሚያዘዋውሩ የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ተማሪ ከ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን በሌሎቹ አባል አገሮች መንቀሳቀስ ስለሚችል ከአምስተርዳም ተነስቶ ባርሴሎና ደርሶ ይመለሳል። ከሸንገን ውጭ በሆነችው ለንደን የሚማር ባልንጀራው ግን፣ ፓስፖርቱ ቪዛ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ለዚያው የሦስት ቀን ጉባኤ ቀጠሮ ይይዛል፣ የባንክ ወረቀት ይሰበስባል፣ የጣት አሻራ ይሰጣል፣ ፓስፖርቱን አስረክቦ ይጠብቃል። በዚያ ላይ የአውሮፕላኑንና የሆቴሉን ወጪ አስቀድሞ ከኪሱ ከፍሎ ዩኒቨርሲቲው የሚመልስለት ከሳምንታት በኋላ ነው። ጉባኤ ያልሄደ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም። ለጉዞ ወጪ ቅድሚያ ክፍያ እንዲሰጥ መጠየቅ፣ የግብዣ ደብዳቤውንም ጽሑፉ ተቀባይነት ባገኘበት ዕለት መጠየቅ ብዙ ጭንቀት ያቀላል።

አማካሪን በሚመለከት ሰዎች የሚጠይቁት «ደግ ናቸው ወይ?» ብለው ነው። እኔ የምመክረው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ከዚህ በፊት ያማከሯቸው ተማሪዎች በስንት ዓመት ጨረሱ፣ ያልጨረሱስ ለምን ሄዱ? ይህን የሚመልሱት የቀድሞዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ከመቀበል በፊት ለሁለት ወይም ለሦስቱ መጻፍ የተለመደ ነው፤ በጽሑፍ ያልነገሩትን በስልክ ይነግራሉ።

ከገቡ በኋላ ደግሞ የአነጋገር ልማድ ይመጣል። በአንዳንድ አገር ፕሮፌሰርን በስማቸው ብቻ መጥራት የተለመደ ነው፤ በሌላው ድፍረት ነው። በብዙ የምዕራብ ዩኒቨርሲቲ በስብሰባ ላይ ዝም ያለ ተማሪ አክባሪ ሳይሆን ሐሳብ የሌለው ተደርጎ ይታያል። አማካሪውን በጨዋነት መቃወም ከተማሪው የሚጠበቅ ነው። አስተያየቱም በየአገሩ ይለያያል፦ ብሪታንያዊ አማካሪ «ይህን እንደገና ቢያዩት ጥሩ ሳይሆን አይቀርም» ሲል ብዙ ጊዜ «ይህ አይሆንም፣ ቀይረው» ማለቱ ነው፤ የኔዘርላንዱ ደግሞ «ይህ ስሕተት ነው» ብሎ በቀጥታ ሲናገር ንቀት የለበትም። ይህን ለማስተካከል የማውቀው ቀላል መንገድ አንድ ነው። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በኋላ በዚያው ቀን ምን እንደተወሰነ፣ ማን ምን እንደሚሠራ በአምስትና በስድስት መስመር ጽፎ ለአማካሪው መላክ። የተሳሳተ ግንዛቤ ካለ ወዲያው ይታረማል። ከዓመት በኋላ ክርክር ቢነሳም መዝገብ አለ።

ግንኙነቱ ሲበላሽስ? ሁለተኛ አማካሪ፣ የመምሪያው የድኅረ ምረቃ ኃላፊ፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲም ቅሬታ በምስጢር የሚሰማ ገለልተኛ ሰው አለ። አማካሪ መቀየር ይቻላል፤ በየዓመቱም ይደረጋል። የውጭ ዜጋ የሚፈራው ፈቃዱ የሚጠፋበት ስለሚመስለው ነው። በአብዛኛው ፈቃዱ የተያያዘው በዩኒቨርሲቲው ምዝገባ እንጂ በአማካሪው ስም አይደለም፤ ሆኖም ገንዘቡ ከአማካሪው የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። ስለዚህ ከመልቀቅ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮን ማማከር ይቀድማል።

ስለ አእምሮ ጤና ጥቂት ቁጥር ላቅርብ። በቤልጅየም ፍላንደርስ በ3,659 የዶክትሬት ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ከሦስቱ አንዱ የአእምሮ ሕመም ሊደርስበት በሚችል ሁኔታ ላይ እንዳለ አመልክቷል። የሥራና የቤተሰብ ግጭት፣ የሥራ ጫናና የአማካሪው አመራር ጠባይ ከዚህ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣና በ26 አገሮች 2,279 ሰዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ላይ የሚታየው ጭንቀትና ድብርት ከአጠቃላዩ ሕዝብ ከስድስት እጥፍ በላይ መሆኑን ዘግቧል። በሁለተኛው የተሳተፉት ራሳቸው ፈቅደው መጠይቁን የሞሉ ናቸውና ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ያሻል። ቢሆንም መልእክቱ ግልጽ ነው፦ ሌሊት ብቻውን የሚጨነቀው ተማሪ ብቻውን አይደለም። የዩኒቨርሲቲ የምክር አገልግሎት ብዙ ጊዜ በነጻ ነው፤ ወደዚያ መሄድም ለቪዛ መሥሪያ ቤት የሚተላለፍ ነገር አይደለም። ይህን የምለው በዚህ ፍርሃት ምክንያት እርዳታ ሳይጠይቁ የሚቀሩ ስላሉ ነው።

ብቸኝነቱ ከቋንቋም ይመጣል። በሙያው ቋንቋ ጽሑፍ የሚያሳትም ሰው በምሳ ገበታ ዙሪያ የሚወራውን ቀልድ ሊያጣው ይችላል። በራሱ ቋንቋ ጨዋታ አዋቂ፣ ቀልደኛ፣ ተከራካሪ የነበረው በአዲሱ ቋንቋ ዝምተኛና ደረቅ ሰው ሆኖ ይታያል፤ ባልደረቦቹም ያ እሱ ነው ብለው ያስባሉ። ይህ ከሐዘን የሚቆጠር ነው። በኔዘርላንድ ወይም በስዊድን በእንግሊዝኛ ብቻ ዶክትሬት መጨረስ ይቻላል፤ የአገሩን ቋንቋ በመጀመሪያው ዓመት የጀመረ ሰው ግን ከዩኒቨርሲቲው ግድግዳ ውጭ ሌላ ሕይወት ያገኛል። ሥራ አግኝቶ በአገሩ ለመቆየትም ይረዳዋል። «ጊዜ የለኝም» ማለት በአራተኛው ዓመት ያስቆጫል።

የመጨረሻው ቀን በየአገሩ ይለያያል። በብሪታንያ የቃል ፈተናው በዝግ ክፍል፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ የውስጥና ከአንድ የውጭ ፈታኝ ጋር ይካሄዳል፤ እርማት ሳይታዘዝ ማለፍ ብርቅ ነው። በስዊድን ለዚሁ የተጋበዘ ተከራካሪ በሕዝብ ፊት ጽሑፉን ይሞግታል። በኔዘርላንድ ጥያቄው ለአንድ ሰዓት ያህል ሲካሄድ ቆይቶ በትር የያዘች የሥነ ሥርዓት አስከባሪ ትገባና በላቲን «ሆራ ኤስት»፣ ሰዓቱ ደርሷል፣ ትላለች፤ ዓረፍተ ነገሩ ባይጠናቀቅም ክርክሩ እዚያው ላይ ይቆማል።

ጭብጨባው ሳያበቃ ግን ሌላ ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። በጀርመን ምሩቁ ሥራ ለመፈለግ 18 ወር ሊፈቀድለት ይችላል። በአሜሪካ በኤፍ-1 የተማረ 12 ወር መሥራት ይፈቀድለታል፤ መስኩ ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምሕንድስና ወይም ሒሳብ ከሆነ 24 ወር ይጨመርለታል። በብሪታንያ ዶክትሬት የጨረሰ 3 ዓመት ያገኛል። ይህን የሚያገኘው ግን ዩኒቨርሲቲው መጨረሱን ለአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ካሳወቀ በኋላ፣ የተማሪ ቪዛው ከማለቁም በፊት ካመለከተ ብቻ ነው። ፈታኞች የሦስት ወር እርማት ቢያዝዙና ቪዛው ሊያበቃ ሁለት ወር ቢቀረው፣ አልፎም ዕድሉ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ የጽሑፉ ማስገቢያ ቀን ከአማካሪው ጋር ሲወሰን የቪዛው ማብቂያ ቀን ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለበት፤ ለእርማት፣ ለፈታኞች ማረጋገጫና ለጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ የሚሆን ቢያንስ ግማሽ ዓመት ተቆጥሮ።